የሰንጠረዥ ጨዋታና የእጅ ስልክ

ቃል እንደ ሰው ዕጣ አለው። አንዱ ቃል በተወለደበት ቤት ተከብሮ ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ ቤቱን ጥሎ ይሰደድና ዘመዶቹ እንኳ እስኪዘነጉት ድረስ መልኩን ለውጦ በሌላ ሥራ ይቀጠራል። «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃላችን ከእነዚህ ከሁለተኞቹ አንዱ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ ይህን ቃል ዘወትር ይጽፈዋል፤ የበጀት ሰንጠረዥ፣ የሠራተኞች ሰንጠረዥ፣ «በሰንጠረዥ 3 እንደ ተመለከተው» እያለ ሪፖርቱን ይሞላል። ዳሩ ግን ይህ ዛሬ አኀዝ የሚደረደርበት ስም፣ ቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት ጦር አሰልፈው የሚጫወቱበት የጨዋታ ስም መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ጨዋታውን ራሱን ስንጠራ «ቼዝ» እንላለን፤ የምንጫወተውም በአውሮጳ ሕግ ነው። ስሙ ከእኛ ዘንድ ቀረ፤ ባለ ስሙ ግን ሄደ።

እኔ ዕድሜዬን በማስተማር አሳልፌ አሁን በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። የበኵር ልጄ ኑሮው በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ ሙያውም ለእጅ ስልክ የሚሆን መተግበሪያ መሥራት ነው። ለብዙ ዓመታት የስልክ ንግግራችን «እንደምን ሰነበቱ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት ብዙም አያልፍም ነበር። እኔ የእርሱን ሥራ አላውቅለትም፤ እርሱም የእኔን መጻሕፍት አያነብም። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ስለ ሰንጠረዥ ያነበብሁትን ባጫወትሁት ጊዜ፣ «አባባ፣ ይህንን በስልክ ላይ ልሥራው፤ ሕጉን እርስዎ ይንገሩኝ» አለኝ። እንዲህ ሆኖ አባት ሕግ ነጋሪ፣ ልጅ ሠራተኛ ሆነን ጀመርን። በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ለመግለጽ የምፈልገው፣ አንድን የቆየ ጨዋታ ወደ አዲስ መሣሪያ ማዛወር ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነና በመንገዱ ላይ ሊጠፋብን የተቃረበው ነገር ምን እንደ ነበረ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ታሪክ ጥቂት ልበል። ጥንተ መሠረቱ ከሕንድ አገር ነው። ቻቱራንጋ ይባል የነበረው የሕንድ ጨዋታ ወደ ፋርስ ተሻገረ፤ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ደርሶ ሸጥረንጅ ተባለ። የእኛ ሰንጠረዥ ከዚሁ ስም የመጣ ነው። በአገራችንም ዕድሜው አጭር አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ነግሮናል። ከእርሱም በኋላ በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን የጨዋታውን አካሄድ ዘርዝሮ ጽፏል፤ ጽሑፉም እርሱ እ.ኤ.አ. በ1860 ከሞተ በኋላ በ1868 ታትሞ ወጣ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እነዚህን የመሳሰሉ ምስክሮችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ አንድ ጥናት አወጡ። እንግዲህ የእኔ መምህራን እነዚህ ወረቀቶች ነበሩ እንጂ፣ ጠጠር ይዞ ያስተማረኝ ሽማግሌ አልነበረም። የአባቶቻችንን ጨዋታ ከእንግዶች ብዕር መልሰን መማራችን ያሳዝናል፤ ጽፈው ስላቆዩልን ግን ማመስገን ይገባናል።

የሰንጠረዥ ገበታ 64 ቤቶች አሉት፤ ነገር ግን እንደ አውሮጳው በጥቁርና በነጭ የተዥጐረጐረ አይደለም። በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መሥመር ቤቶቹን መለየት ይበቃ ነበር። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ የንጉሡ አማካሪ ነው። አውሮጳውያን ይህንኑ ጠጠር ንግሥት ብለው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር እንድትገዛ ሥልጣን ሰጧት፤ የእኛ ፈርዝ ግን አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ትሑት ሹም ሆኖ ቀረ። ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ በሰያፍ አንዱን ቤት ዘሎ በሁለተኛው ላይ ያርፋል። ከ64ቱ ቤቶች አንድ ፊል ዕድሜውን ሁሉ ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ጦሩ እንደ ዛሬው ቼዝ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ በዝግታ እየተጠጋጋ ይቀርባል።

ነገር ግን ሰንጠረዥን ከሸጥረንጅም ከቼዝም ፈጽሞ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ይህ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የባላጋራውን እርምጃ ሳይቈጥር፣ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ አምስት ጊዜ ሲራመድ ሌላው ሁለት ጊዜ ብቻ ሊራመድ ይችላል። ዓይን ግን ከባላጋራ እጅ አይለይም፤ የወዲያኛው ፈረሱን በአንድ በኩል ሲያወጣ፣ የወዲህኛው አሰላለፉን ለውጦ ያራመደውን ጠጠር ወደ ኋላ ይመልሳል። ይህ ሁሉ የሚቆየው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ተራ በተራ ይሆናል። ነገሩን ደጋግሜ ባሰብሁት ቍጥር ታላቅ ማስተዋል አየሁበት። ደም ሳይፈስ ሰው ሁሉ ነጻ ነው፤ አሳቡን ለውጦ ሊመለስም ይችላል፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ይቈጠርበታል።

ልጄ ይህን በነገርሁት ጊዜ ጥቂት ዝም አለና፣ «አባባ፣ ይህ ክፍል ቢቀር ይሻላል፤ ሰው ሁሉ ተራ መጠበቅን ለምዷል፤ በተራ ከሆነ ደግሞ ሥራው ቶሎ ያልቃል» አለኝ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። ቼዝን ለኮምፒዩተር የማስተማር ጥበብ በሙሉ የቆመው በተራ ላይ ነው። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው ጽሑፍ መንገዱን አመለከተ፤ ማሽኑ «እኔ ይህን ብራመድ እርሱ ምን ይመልሳል? እርሱ ያንን ቢመልስ እኔስ?» እያለ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይፈትሻል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው በዚሁ ዓይነት ፍተሻ ነው። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው እርምጃ 16 ምርጫ ብቻ አለው፤ የስምንቱ መደቆች 8፣ የሁለቱ ፈረሶች 4፣ የሁለቱ ፊሎች 4 ነው። ተራ ካለ ይህ ቀላል ሒሳብ ነው። ተራ ከሌለ ግን «እርሱ ምን ይመልሳል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያጣል፤ እርሱ ምንም ሳይመልስ እኔ ዐሥር ጊዜ ልራመድ እችላለሁና።

እኔም እንዲህ ስል መለስሁለት፤ «ልጄ፣ ወረራውን ብናወጣው የሚተርፈን ምንድን ነው? የዐረቦቹ ሸጥረንጅ ነው። የጠጠሮቹን ስም በአማርኛ ስለ ጻፍንባቸው ጨዋታው የእኛ አይሆንም። ምሰሶውን ጥሎ ጕልላቱን ብቻ ወደ አዲስ ቦታ የሚያዛውር ቤት ሠሪ አይተህ ታውቃለህን?» አልሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይደውል ቀረ። እኔም ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሎኝ አዝኜ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ደውሎ ከሰላምታ አስቀድሞ፣ «አባባ፣ ወረራው ሲያበቃ ሁለቱም ሊበላሉ በአንድ ጊዜ ቢነሡ ማን ይቀድማል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ስሰማ ልቡ ወደ ሥራው እንደ ተመለሰ ዐወቅሁ።

ጥያቄውም ቀላል አልነበረም። እኔ በአዲስ አበባ፣ እርሱ በዋሽንግተን ሆነን ስንጫወት የእያንዳንዳችን እርምጃ ሰርቨር ወደሚባለው ማእከላዊ ኮምፒዩተር ይሄድና ከዚያ ወደ ሌላው ስልክ ይተላለፋል። መንገዱ የሴኮንድ ክፍልፋይ ይፈጃል፤ መሥመሩ ሲደክም ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ጨዋታው በተራ ቢሆን ይህ መዘግየት ማንንም አይጎዳም። በወረራ ጊዜ ግን እኔ መደቁን በፈረሴ በበላሁበት ቅጽበት፣ እርሱ ያንኑ መደቅ ወደ ፊት አራምዶት ሊሆን ይችላል። በእኔ ስልክ መደቁ ሞቷል፤ በእርሱ ስልክ ሕያው ነው። ሁለት ስልኮች ሁለት ታሪክ ይጽፋሉ ማለት ነው።

ልጄ በመጀመሪያ ያሰበው ወደ ሰርቨሩ ቀድሞ የደረሰው ይጽና የሚል ነበር። ነገር ግን ሰርቨሩ የሚገኘው በአሜሪካ ስለ ሆነ፣ የእኔ እጅ ቢቀድምም መልእክቴ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ደጋግመን ሞከርነው፤ በተጋጨን ቍጥር የሚረታው እርሱ ሆነ። «ልጄ፣ ቤቱ ከዳኛው ደጃፍ ያለ ሰው ሁልጊዜ የሚረታበት ሸንጎ፣ ሸንጎ አይባልም» አልሁት። ሳቀ፤ ነገሩ ግን ገብቶት ነበር። በገጠር ደካማ መሥመር ይዞ የሚጫወት ልጅ፣ በታላቅ ከተማ ከሚኖረው ጋር እኩል መቆም እንዳለበት ተስማማን። ከብዙ ድካም በኋላ መብላትን ከሌላው እርምጃ ሁሉ ለይቶ አበጀው። አንዱ ሊበላ ሲነሣ ሁለቱም ስልኮች ለአፍታ ይቆማሉ፤ የሚበላው ጠጠር በባለቤቱ ስልክ ላይ አስቀድሞ ከቦታው ተነሥቶ ከሆነ መብላቱ ይቀርና ወረራው ይቀጥላል፤ ካልተነሣም መብላቱ ይጸናል። ጥርጥር ሲኖር ለሚያመልጠው ይፈረዳል ማለት ነው። ይህ ሕግ በየትኛውም የቆየ ጽሑፍ አይገኝም፤ ከጨዋታው መንፈስ ጋር ግን የሚጣላ አይመስለኝም።

ሌላው ችግር ባላጋራ አጥቶ ከማሽኑ ጋር ለሚጫወት ሰው የተሠራው ክፍል ነበር። ማሽኑ ተራ ሳይጠብቅ እንዲራመድ በተፈቀደለት ቀን፣ እኔ ጣቴን ከማንሣቴ በፊት ጦሩን ሁሉ አሰልፎ ጨርሶ አገኘሁት። ሕግ አላፈረሰም፤ ሕጉ «እንደ ፈቀድህ ተራመድ» ይላልና። ሰው በእጁ እንደሚጫወትና እጅም የራሱ ፍጥነት እንዳለው ግን ማንም አልጻፈውም፤ ለቀድሞ ሰዎች መጻፍ አያስፈልገውም ነበር። ልጄም ለማሽኑ የሰው እጅ የሚያህል ዝግታ ሰጠው፤ ከዚህም በላይ በየመካከሉ ቆም ብሎ የባላጋራውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን እንዲያቃና አደረገው። ማሽንን ዕውቀት ከማስተማር ይልቅ ትዕግሥት ማስተማር እንደሚያስቸግር ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ከዚህም ሌላ፣ መጽሐፍ «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፤ ሌሎች ግን እንዲያ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ፕሮግራም ግን አንዱን ቈርጦ መያዝ አለበት። ስለ ፈርዝ አንደኛው ምንጭ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል ሲል፣ ሌላው በየትኛውም አቅጣጫ አንድ ቤት ይራመዳል፤ የሚበላው ግን በሰያፍ ብቻ ነው ይላል። እኛ በዚህ ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የለንምና ምርጫውን ለተጫዋቾቹ ተውነው፤ ጨዋታው ሳይጀመር ሁለቱ ይስማማሉ።

የክብር ሕጎችም አሉ። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ከንጉሡ ጋር ከመደቅ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይራመድ ንጉሡን መያዝ ያስፈልጋል። በደር ወይም በፈረስ መያዝ የሚደነቅ ሥራ አይደለም፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ የያዘ ግን ይመሰገናል። ሰባት መቍጠር ለማሽን ቀላል ነው፤ ምስጋና ግን እንዴት ይጻፋል? ልጄ ነጥብ እንስጥበት አለኝ። እኔም፣ ነጥብ የሚሰበሰብ ነገር ነው፤ ምስጋና ግን ከሰው አፍ ሲወጣ ብቻ ምስጋና ነው ብዬ ተከራከርሁ። በመጨረሻም ጨዋታው ሲያልቅ «ንጉሡ በመደቅ ተያዘ» ወይም «ንጉሡ በደር ተያዘ» ብሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ እንዲጽፍ አደረግነው። ማመስገኑንም ማፈሩንም ለተጫዋቾቹ ተውንላቸው።

በርቀት ጨዋታ ይህን ያህል ከደከምን በኋላ ከሁሉ የተሻለው መልስ በቅርባችን ተገኘ። የዛሬው ስልክ ገጽ ብዙ ጣቶችን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱም ጣት የራሱን ቍጥር ሰጥቶ እንቅስቃሴውን ለይቶ ይከተላል። እንግዲህ አንዱን ስልክ በጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቢቀመጡ፣ ወረራው ያለ ሰርቨር፣ ያለ መሥመርና ያለ ዳኛ ይከናወናል። ባለፈው ዓመት ልጄ ለዕረፍት ሲመጣ ይህንኑ ሰፋ ባለ ታብሌት ላይ ሠርቶ አመጣልኝ። ገበታው ቀይ፣ መሥመሩ ጥቁር ነው። ከምሳ በኋላ ተቀመጥን፤ እጆቻችንም በአንዱ ገበታ ላይ ይተላለፉ ጀመር። እርሱ ፊሉን ሲያዘልል እኔ መደቄን አስጠጋለሁ፤ እኔ ስመለስ እርሱም ይመለሳል። ሩብ ሰዓት ያህል ማንም ማንንም ሳይበላ ቆየን። ሊያጠቃ ባሰበ ጊዜ ጣቱ ከጠጠሩ በላይ ጥቂት እንደሚዘገይ ያን ቀን አስተዋልሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩቅ ስንጫወት ይህን አላየሁትም ነበር። በመጨረሻም ፈረሱ መደቄን በላ፤ ወረራው አበቃ። በዕለቱ ያሸነፈው እርሱ ነው፤ የያዘኝም በፊል ስለ ነበረ አመሰገንሁት። ባለቤቴም ቡናውን አቅርባ፣ «ሳትጣሉ ስትጣሉ ዋላችሁ» አለችን።

የሰፈራችንን ልጆች ባስቀመጥኋቸው ጊዜ፣ በትምህርት ቤት ቼዝ የተማረው አንዱ፣ «አባባ፣ ማን ነው የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሁለታችሁም» አልሁት። አንዱ የአንዱን ፊት እያየ ጥቂት ጊዜ ማንም እጁን አላነሣም፤ ኋላ ግን ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ያን ጊዜ ወረራ ለፕሮግራም ጸሓፊ እንጂ ለሰው ልጅ አስቸጋሪ እንዳልሆነ ገባኝ።

የርቀቱን ጨዋታም አልጣልነውም። ልጄ ኑሮው በዚያ ነውና፣ በየእሑዱ በስልክ እንጫወታለን፤ በመካከሉም ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራውና ስለ ጤናዬ እናወራለን። ቀድሞ በሁለት ደቂቃ ያልቅ የነበረው ንግግራችን አሁን ሰዓት ይፈጃል። ስልኩ ቀዩን ጨርቅና የጠጠሩን ክብደት ለጣት ሊሰጥ አይችልም፤ ይህን ማንም አይክድም። ሰዎችን ግን እንደገና በአንድ ገበታ ዙሪያ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ለዚህም የሚበቃው ጨዋታውን ሳይቈርጡ ሲሠሩበት ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ጽሑፌን ልፈጽም። እኛ የሰንጠረዥን ሕግ ከወረቀት ለቃቅመን የሠራነው የምንጠይቀው ሰው ስላጣን ነው። ገበጣ ግን ዛሬም የሚጫወቱት ሰዎች አሉት፤ አካሄዱም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሄዱ ይለያያል። ይህንን ጨዋታ ወደ ስልክ ለማምጣት የሚነሡ ወጣቶች የአንዱን ቀበሌ ሕግ ብቻ ይዘው «ገበጣ ይህ ነው» ቢሉ፣ ስልኩ የጻፈው ጸንቶ የቀረው ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከመጻፋቸው በፊት ከሚያውቁት አረጋውያን ጋር ተቀምጠው ይጫወቱ፤ እየተሸነፉም «ይህ ለምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ለመሣሪያው የማይመች ሕግ ሲያጋጥማቸው ደግሞ ለመጣል አይቸኩሉ፤ ያ የማያመቸው ክፍል የጨዋታው ልብ ሊሆን ይችላልና። ለሰንጠረዥ የደረስንለት ዘግይተን ነው፤ ለገበጣ ግን ጊዜው ገና አላለፈም።